ለሁለት ሰው በቀን 22 ሊትር ውሃ ይበቃል? የባሃማስ ክረምት በሸራ ጀልባ ላይ

መነሻ ጽሑፍ

እኔና ባለቤቴ 11 ሜትር በምትረዝም የሸራ ጀልባችን ከአናፖሊስ ተነሥተን ወደ ደቡብ መውረድ ከጀመርን አራተኛ ወራችንን ይዘናል። ከኖርፎክ በሚነሣው የውስጥ የውሃ መንገድ ቦይና ወንዝ እያቋረጥን ፍሎሪዳ ደረስን። እዚያም የሰሜኑ ነፋስ እስኪያልፍ ስድስት ቀን ታግሠን፣ የገልፍ ስትሪምን ጅረት በአንድ ሌሊት ተሻግረን ባሃማስ ገባን። ያ ጅረት ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ነፋስ ከሰሜን ሲነፍስበት ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በሰሜን ነፋስ አይሻገረውም። አሁን ያለነው በኤግዙማ ደሴቶች፣ በጆርጅ ታውን ከተማ ፊት ለፊት በሚገኘው ኤሊዛቤት ሐርበር በተባለው ወደብ ውስጥ ነው፤ መልሕቃችንን የጣልነው ከወደቡ ማዶ ባለችው በስቶኪንግ ደሴት ጥግ ነው። በዚህ ወቅት በዙሪያችን በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች አሉ።

ክረምት ስል አሜሪካኖች ክረምት የሚሉትን የታኅሣሥና የጥርን ብርድ ማለቴ እንጂ ዝናቡን ማለቴ አይደለም። ባሃማስ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ልክ እንደ አገራችን በጋ ደረቅ ነው፤ ደሴቶቹም የኖራ ድንጋይ በመሆናቸው ወንዝ የላቸውም። ስለዚህ በጀልባ ላይ የምንኖር ሰዎች ጧት ስንነሣ መጀመሪያ የምናየው ነፋሱን ነው፣ ቀጥሎም የውሃ ታንኩን።

የእኛ ታንክ 300 ሊትር ይይዛል፤ በላይኛው ወለል ላይ የታሰሩ ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካኖች ደግሞ አሉን። የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ዘግተን በእግር የሚረገጠውን ብቻ እንጠቀማለን፤ እግር ካልረገጠ ውሃ አይወርድም። ምልክት ባደረግሁበት ዘንግ ማታ ማታ ታንኩን ለክቼ በደብተር እመዘግባለሁ። ለመጠጥ፣ ለሻይና ለቡና 6 ሊትር፣ ለማብሰያ 4፣ ለዕቃ ማለቅለቂያ 4፣ ለገላ 6፣ ለእጅና ለፊት 2፤ በድምሩ 22 ሊትር ነው። ዕቃው በመጀመሪያ በባሕር ውሃ ይታጠባል፤ እኛም መጀመሪያ ባሕር ውስጥ ገብተን ከወጣን በኋላ ነው በጨው አልባ ውሃ የምንለቃለቀው። መጸዳጃውም የሚሠራው በባሕር ውሃ ነው። በዚህ አኗኗር አንድ ሙሌት 19 ቀን ያቆየናል።

የማምነው ይህን ነው፦ ሁለት ሰዎች ብዙ ገንዘብና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላውን የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሳይገዙ ክረምቱን ሙሉ በደኅና ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ የኖራችሁ ካላችሁ፣ በስሌቴ ውስጥ የሳትኩትን ንገሩኝ።

ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ጭብጥ ነው። ክሩ፣ ማለትም የጽሑፍ ውይይቱ፣ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲያመች በራሴ ቃል በየቁጥራቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ መልስ። በዚሁ ወደብ ሦስት ክረምት ያሳለፉ አንድ አባት ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ድምሩ ከእርሳቸው ደብተር ብዙም እንደማይርቅ ነገሩኝ። ነገር ግን ውሃን በቀን መቁጠር እንደማይበቃ አሳሰቡኝ፤ በእርሳቸው አባባል ውሃ የሚቆጠረው ከአንድ የብርድ ነፋስ እስከሚቀጥለው ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በጥርና በየካቲት በየሳምንቱ ገደማ ይመጣል። መምጣቱም አስቀድሞ ይታወቃል፦ የዘወትሩ የምሥራቅ ነፋስ ይላላና ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ቀጥሎ ጥቁር ደመና ሲደርስ በድንገት ወደ ሰሜን ምዕራብ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ በሰዓት ከ20 እስከ 30 የባሕር ማይል ፍጥነት እየነፈሰ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት በትንሿ የጎማ ጀልባ ወደ ከተማው መሻገር ልብስን ማራስ ብቻ ሳይሆን አደጋም ስላለው፣ ታንክ የሚሞላው ነፋሱ ወደ ደቡብ መዞር የጀመረ ዕለት መሆን አለበት ብለው መከሩ። እኔ 19 ቀን እያልኩ በሙሉ ልብ ስቆጥር ይህን አላሰብኩትም ነበር።

2ኛ መልስ። በእስራኤል አሽቀሎን ወደብ ውስጥ በጀልባ ላይ የሚኖር ወንድም አጭር ማስታወሻ ተወ። እርሱ ዘንድ ቧንቧው ጀልባው ከታሰረበት ምሰሶ አጠገብ ስለሆነ የውሃ ችግር የለበትም። ሆኖም በከተማዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ሥራ የጀመረው ትልቅ የማጣሪያ ጣቢያ የባሕር ውሃን ጨው እያስወገደ ስለሚያከፋፍል፣ በአንድ መንገድ እርሱም የሚጠጣው ባሕሩን እንደሆነ አስታወሰን።

3ኛ መልስ። ማሽነሪ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ማሽኑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል ያልኩትን በትሕትና ግን ያለማመንታት አረመው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ይህን ለማጣራት ውሃው እስከ 55 ባር በሚደርስ ግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ መገፋት አለበት። የቀድሞዎቹ ማሽኖች በዚህ ምክንያት ኃይል ይፈጁ ነበር፤ ከሽፋኑ የሚመለሰውን ጨዋማ ውሃ ግፊት መልሰው የሚጠቀሙት ግን ለአንድ ሊትር 4 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። የእኔ 22 ሊትር በዚህ ስሌት 88 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ የጀልባ ማቀዝቀዣ በቀን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ስለዋጋው የጻፍኩትን ግን አልነካውም።

4ኛ መልስ። የሦስተኛው መልስ አኃዝ ትክክል መሆኑን የተቀበለ፣ ነገር ግን ማሽኑ በሥራ ላይ ሲውል የሚያመጣውን ጣጣ የቆጠረ ሰው ነው። የወደብ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ የማጣሪያውን ሽፋን ይገድላል። እርሱ ማሽኑን በከሰል ማጣሪያ ሳያሳልፍ በቧንቧ ውሃ ስላጠበው ሽፋኑ ተበላሽቶበታል። ማሽኑ ለሳምንት ያህል ሳይሠራ ከተቀመጠም በውስጡ ሕይወት ያለው ነገር ያድግበታል። ከብርድ ነፋስ በኋላ ውሃው ሲደፈርስ የፊት ማጣሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ ይደፈናሉ። ማሽን ያለውም ሰው ቢሆን ጀሪካን እንዳይጥል አስጠነቀቀ።

5ኛ መልስ። በነርስነት የምትሠራ እኅት ሁለት ነገር አነሣች፤ ሁለቱም ከበድ ያሉ ናቸው። አንደኛ፣ ለተፈናቀሉ ሰዎች እርዳታ የሚያቀርቡ ድርጅቶች የሚከተሉት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ሲሆን፣ እኔ በኩራት የጻፍኩት 11 ሊትር ከዚያ በታች ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃ በባሕር ውሃ ማጠብ ሰው በሌለበት የባሕር ዳርቻ ጥሩ ቢሆንም፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች በቆሙበት ወደብ ውስጥ ያው ውሃ የስንቱን መጸዳጃ እንደተቀበለ ማን ያውቃል ስትል ጠየቀች። ሳህኑ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ቢለቀለቅም የምናብስበትን ጨርቅ እንድናስብ መከረች። ታንኩን በየጊዜው ሽታ በሌለው በረኪና በልኩ ማጠብን አከለችበት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በወደቡ ውስጥ ዕቃ በባሕር ውሃ ማጠብ ትተናል፤ ሕፃን ልጅ ይዘው የሚጓዙ ሰዎችም ይህን መልስ እንዲያነቡ እለምናለሁ።

6ኛ መልስ። የክሩ መንፈስ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ በልጅነቷ ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ ያደገች ናት። ጧት ከትምህርት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ጀሪካኑን በገመድ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን እንደወጣች ጻፈች። በፍላጎት የተመረጠን የውሃ ጥበት እንደ ጥሩ ነገር ማመስገን እንዳስከፋት፣ በተለይ በአማርኛ ሲጻፍ የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ መታሰብ እንደነበረበት በጠንካራ ቃል ነገረችኝ። ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የመጨረሻ ጥያቄዋ ነው፦ በደብተር የሚመዘግበው ባል እንደሆነ ተጽፏል፣ ጀሪካኑን የሚሸከመውና 22ቱን ሊትር በእጁ የሚያብቃቃው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

7ኛ መልስ። ይህ የራሴ ነው። ባለቤቴ መነሻውን ጽሑፍ ስላላየችው ከነስድስተኛው መልስ አነበብኩላት። ዝም ብላ ከሰማች በኋላ ደብተሩን ጠየቀችኝና በጣቷ እየጠቆመች ድምሩን ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። የልብስ እጥበት የለም። በየ10 ቀኑ ልብስ ስናጥብ 40 ሊትር ይሄዳል፤ ያንን ውሃ ከተማ ስንወርድ ለብቻ ስለምንቀዳው እኔ ከቁጥር አውጥቼዋለሁ። በባሕር ውሃ የታጠበ ልብስ ጨው ስለሚቀርበትና ጨው እርጥበት ስለሚስብ ሌሊት ሌሊት ተመልሶ ይረጥባል፤ ስለዚህ ለልብስ ከጨው አልባ ውሃ ማምለጫ የለም። ትክክለኛው ቁጥር 26 ሊትር ነው፤ የልብሱም ውሃ ከሙሌቱ ላይ ቢታሰብ የሚያቆየን 16 ቀን እንጂ 19 አይደለም።

ስለሸክሙም እውነቱን ጻፍኩ። በጆርጅ ታውን የአንድ ገበያ ባለቤቶች በሱቃቸው የጀልባ መጠጊያ ላይ ለመርከበኞች ውሃ በነፃ ያስቀዳሉ፤ እዚያ የሚደረሰው በጎማ ጀልባ ከመንገዱ ድልድይ ሥር ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወደሚባለው የከተማው ትንሽ ሐይቅ በመግባት ነው። የምቀዳው እኔ ነኝ፤ የምቀዝፈውም እኔ ነኝ። ስመለስ ግን እኔ በምትዋዥቀው የጎማ ጀልባ ላይ ቆሜ ጀሪካኑን ወደ ላይ እሰጣለሁ፣ እርስዋ በላይኛው ወለል ላይ ተንበርክካ 20 ኪሎውን በብረት አጥሩ ላይ አሳልፋ ትስባለች። ማዕበሉ የጎማ ጀልባዋን ዝቅ በሚያደርግበት ቅጽበት ሸክሙ በሙሉ በእርስዋ ክንድ ላይ ይቀራል። ስድስት ጊዜ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳየው ኖሬ ቀዳሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ አድርጌ ነው። ለስድስተኛዋ ጸሐፊ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለባለቤቴ ደግሞ አስቀድሜ ጠይቄያት ነበር።

8ኛ መልስ። አንድ ሰው ለእኔ ጥብቅና የቆመ መስሎት ስድስተኛዋን ጸሐፊ ክፉኛ ተናገረ። የሰው ደስታ የሚያስቀናት፣ የትም ቢሄዱ ድህነትን የምታስታውስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አንቺ እያለ ጻፈ። እንዲህ ያለ ድጋፍ አልፈልግም ብዬ ወዲያው ከሥሩ አስፍሬያለሁ።

9ኛ መልስ። የመጀመሪያው መልስ ባለቤት የሆኑት አባት ተመልሰው መጡ። የማያውቋትን እኅት አንቺ ማለት ከየት የተገኘ ጠባይ እንደሆነ ስምንተኛውን ጸሐፊ ጠየቁት፤ ስድስተኛዋ ጸሐፊ ያቀረበችው ጥያቄም በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለመርከበኛ የሚጠቅም እንደሆነ ተናገሩ። እርሳቸው በሁለተኛው ክረምታቸው ጀሪካን ሲያነሡ ወገባቸውን ታምመው አንድ ወር ሙሉ መልሕቅ ላይ እንደተኙ፣ ያኔም ቀዛፊዋም ቀጂዋም ሚስታቸው እንደነበሩ ጨመሩ።

10ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እንጀራ ሄደ። በቨርጂኒያ የምትኖርና ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የምትዘጋጅ እኅት፣ በ26 ሊትር ውስጥ ሊጥ የት እንዳለ፣ ምጣድስ በጀልባ ኤሌክትሪክ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች።

11ኛ መልስ። ሦስተኛው መልስ ሰጪ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ምጣድ 1500 ዋት ያህል ስለሚወስድ ከ12 ቮልት ባትሪ 125 አምፔር እንደሚስብ አሰላ፤ በትንሽ ባትሪ አይሞከርም። ባለቤቴ ራስዋ ለጠያቂዋ የመለሰችላትን እዚሁ ልጨምር። እርስዋ የምትጋግረው በጋዝ ምድጃ ላይ ክዳን ባለው መጥበሻ ነው። ለአንድ ኪሎ ጤፍ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ትመድባለች፤ የሚመጣውም ከማብሰያው 4 ሊትር ላይ ነው። በባሃማስ ሙቀት ሊጡ በሁለት ቀን ይቦካል፤ የብርድ ነፋስ በገባበት ሳምንት ግን ሦስተኛ ቀን ይፈልጋል። ጀልባዋ በምትናወጥበት ቀን ሊጡ ወደ አንድ ወገን ስለሚፈስ እንጀራው በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ውሃ የምንሞላበትና እንጀራ የምትጋግርበት ቀን አንድ ነው፤ ነፋሱ ወደ ደቡብ እየዞረ ባሕሩ ጸጥ ያለበት ቀን።

12ኛ መልስ። በካሪቢያን የከረመ አንድ ወንድም ቡናን በተመለከተ ልምዱን አካፈለ። እርሱ በትንሽ የሸክላ ምድጃ ከሰል አቀጣጥሎ፣ መሪው ባለበት ክፍት ስፍራ ላይ ይቆላል፤ ነፋስ ሲበረታ ፍሙን ይዞ ወደ ውስጥ ክፍል ይገባል።

13ኛ መልስ። ነርሷ መለሰች፣ በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ቁጡ የሆነውም ይህ ነው። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የጀልባ ክፍል ደግሞ ዝናብ እንዳይገባው ተብሎ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። በአገር ቤት በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች በማግሥቱ እንዴት እንደተገኙ ሁላችንም ሰምተን አድገን፣ ይህን እንደ ጥሩ ምክር ማስፈር ወንጀል ነው እስከማለት ደረሰች። የማብሰያ ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ እንደሚጠራቀምና ፍም ሲያገኘው እንደሚፈነዳ አከለች። ቃላቷ ከረር ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን አንዲት ፊደል እንድትነሣ አልፈልግም።

14ኛ መልስ። የቡናው ወንድም አልተቆጣም። አንድ ምሽት ከቡና በኋላ እርሱና እንግዳው ራሳቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው፣ የባሕር ሕመም መስሏቸው ወደ ውጭ ወጥተው እንደተሻላቸው ትዝ እንዳለው ጻፈ። ምድጃውን እንደማያስገባው፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም እንደሚገዛ ቃል ገባ።

15ኛ መልስ። ወደ ውሃው የመለሰን ስሙን ያልገለጸ ሰው ነው። ጀሪካን ማንሣት ጨርሶ አያስፈልግም አለ። ጀሪካኖቹ በጎማ ጀልባዋ ውስጥ እንደተቀመጡ ይቆያሉ፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕና ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ቱቦ ካለ፣ ቱቦው ከጀሪካኑ ወደ ታንኩ አፍ ይዘረጋል። ፓምፕ የሌለው ሰው ደግሞ ሸራ መስቀያውን ገመድ አውርዶ የጀሪካኑን እጀታ ያስርና በመጠምጠሚያው ይስባል። የብርድ ነፋሱ ይዞት በሚመጣው ዝናብ ስለመጠቀምም ጻፈ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝናብ ከሸራውና ከምሰሶው ላይ ጨውና አቧራ ስለሚያጥብ ይለቀቃል፣ ከዚያ ለፀሐይ መከላከያ የሚዘረጋው የሸራ ጥላ መካከሉ እንዲረግብ ተደርጎ ውሃው ወደ ባልዲ ይወርዳል። በደረቁ ወቅት ግን ማንም በዝናብ ተስፋ አድርጎ መልሕቅ እንዳይጥል አሳሰበ።

16ኛ መልስ። ስድስተኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ የጻፈችው ሁለት መስመር ነው። ይቅርታውን እንደተቀበለች ገልጻ፣ ቱቦው ተገዝቶ እንደሆነና አሁን በደብተሩ ላይ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

17ኛ መልስ። የእኔ ነው፣ ዛሬ ማታ የጻፍኩት። ፓምፑን ሊሸጥ የወደደ ሰው በወደቡ የጧት ሬድዮ ላይ አግኝተን ገዛነው፤ ስድስት ሜትር ቱቦ ከከተማ አመጣሁ። ትናንት በመጀመሪያው ሙከራ 120 ሊትሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ገባ። እኔ በጎማ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጬ ቱቦውን ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው ሳዛውር፣ ባለቤቴ በታንኩ አፍ ላይ ሆና የውሃውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ታንክ ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ልክ ሲቀጥን እጇን አነሣች፣ እኔም አጠፋሁ። ደብተሩ አሁን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ የትናንቱንና የዛሬውን የጻፈችው እርስዋ ናት፣ የልብሱም ውሃ የራሱ ዓምድ አለው። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ዛሬ ጧት እንደገና ቀድተን በወለሉ ላይ አስረናቸዋል። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ በምዕራብ በኩል ደመናው መታየት ጀምሯል፤ ሊጡም ቦክቷል።